በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ስለተለጠፈችው እናቴ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የእጅዎ አንጓ ደህና ነውን? ብዕር ሲይዙ፣ የበር እጀታ ሲያዞሩ፣ እንግዳ ሲጨብጡ ቆንጠጥ የሚያደርግዎ ነገር እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቢኖር ኖሮም ስድስት ዓመት እንደማያቆዩት ስለማውቅ በዚህ በኩል ሐሳብ የለብኝም።

እኔን አያውቁኝም። እናቴን ግን ያውቋታል፤ በሆስፒታልዎ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ለሃያ ሦስት ዓመት የቀዶ ሕክምና ልብሶችን ስትተኩስ የኖረችው፣ መስማት የተሳናት ሠራተኛ ናት። እኔ በሙያዬ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ ጠጋኝ ነኝ። የማትሰማ እናት ልጅ ይህን ሥራ መምረጡ የሚያስቃቸው ሰዎች አሉ፤ እናቴ ራሷ ከሁሉም በላይ ትስቅበታለች።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደፋፈረኝ ባለፈው ሳምንት በዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፉት ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ነው። በፎቶው ላይ እናቴ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ትታያለች፤ ከሥሩም «ለስድስት ዓመት በእጅ ሕመም ሲሠቃዩ የኖሩ እናት በሆስፒታላችን በተደረገላቸው የተሳካ ቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ተፈወሱ» ይላል። ጽሑፉ ስህተት የለበትም። ስድስት ዓመቱ እውነት ነው፤ ሥቃዩ እውነት ነው፤ ቀዶ ሕክምናውም በእርግጥ ተሳክቷል። የተዘለለው ነገር ቢኖር ስድስቱ ዓመት የት እንዳለፈ ብቻ ነው፤ ያለፈውም በዚሁ ግቢ፣ በዚሁ ጣራ ሥር ነው። እናቴ ከምትተኩስበት ጠረጴዛ እስከ ራጅ ክፍሉ በር ድረስ ስድሳ አራት እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ሰሌዳው ጠብቦ የተተወ ስለመሰለኝ፣ የጎደለውን ለመሙላት ያህል ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቤተኛ አያያዛችሁ አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት በሆስፒታልዎ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ሠራተኛ ሲታመም ካርድ አያወጣም፣ ወረፋ አይዝም፤ በኮሪደር የሚያልፍ ሐኪም ይያዝለትና በቁሙ ይታያል፤ የታየውም በአንድ ባለ መስመር ደብተር ላይ በአንድ ቃል ይመዘገባል። ይህ ለቤተኛ የሚደረግ ክብር ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እናቴን የልብስ ማጠቢያው እርጥብ ወለል አዳልጧት ቀኝ መዳፏን አስቀድማ በወደቀች ጊዜ፣ ይኸው ክብር አልተጓደለባትም። የክፍሉ ኃላፊ፣ እናቴ እንደ እህቷ የምታያት ሴት፣ ደግፋ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት፤ እየተጣደፈ የሚያልፍ አንድ ሐኪምም ለምና አስቆመችላት። እናቴ ከመንገድ የመጣች ባዕድ ብትሆን ኖሮ ካርድ ይወጣላት ነበር፤ ካርድ ከወጣላት ደግሞ ማን ያውቃል፣ ራጅም ይታዘዝላት ይሆን ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለዚያ ሐኪም ዓይን አመሰግናለሁ። የእናቴ አንደበት እጇ ነው። የምትቆጣውም፣ የምትቀልደውም፣ ጎረቤት የምታማውም በእጇ ነው፤ ስታማ ደግሞ በሁለቱም እጆቿ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ፊቷ ሲቆም ማንም ሕመምተኛ የሚያደርገውን አደረገች፤ የሆነውን ነገረችው። መውደቋን፣ ከአውራ ጣቷ ሥር የሆነ ነገር ቀጭ ሲል እንደተሰማት፣ እጇ የተሰበረ እንደሚመስላት፣ ሁሉንም ጥርሷን ነክሳ በዚያው በተሰበረው እጇ ነገረችው። ሐኪሙም ጣቶቿ እንዲያ ሲንቀሳቀሱ በጥሞና ከተመለከተ በኋላ ወደ ኃላፊዋ ዞሮ «እንዴት አድርጋ እንደምታንቀሳቅሰው አታዪም? የተሰበረ እጅ እንዲህ አይሆንም፤ ወለምታ ነው» አለ፤ በደብተሩም ላይ «ወለምታ» ብሎ ጽፎ ፋሻ አዘዘላት። እናቴ ተሰበርኩ ብላ የተናገረችበት እጅ፣ መናገሩ ብቻ፣ ላለመሰበሩ ማስረጃ ሆነ። እየጮኸ የመጣ ሕመምተኛ «ድምፁማ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የተሸኘበት ሌላ ሆስፒታል ስለመኖሩ አልሰማሁም፤ የእርስዎ በዚህ ቀዳሚ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ለተደረገላት ክትትል አመሰግናለሁ። ደብተሩን አይቼዋለሁ። እናቴ በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ያንን እጇን በሌላው እጇ ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አሥራ አንድ ጊዜም አንድ ባለ ነጭ ካፖርት አፉን በጭምብል እንደሸፈነ «ተሻለሽ አይደል?» ብሏታል፤ ከጭምብል በስተጀርባ ያለ ከንፈር ማንበብ የማትችለው እናቴም በአሥራ አንዱም ጊዜ ፈገግ ብላ ራሷን ከፍ ዝቅ አድርጋለች።

ስለዚህ ራስ መነቅነቅ ትንሽ ላስረዳዎት ይፍቀዱልኝ። ከማይሰሙ ሰዎች ጋር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰሚው አፉን ሲያንቀሳቅስና ነገሩ ሳይገባቸው ሲቀር፣ ሰውየውን ላለማድከም ብለው ብቻ ይነቀንቃሉ። እሺታ አይደለም፤ «አይጨነቁ፣ ይሂዱ» እንደማለት ያለ ጨዋነት ነው። እናቴ በዚህ ጨዋነቷ የተነሳ ያላዘዘችውን የፀጉር ቁርጥ ተቆርጣ፣ ወደማትሄድበት ሰፈር በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍራ ታውቃለች፤ ሁለቱንም እያሳቀች ተርካልናለች። በደብተራችሁ ላይ ግን ጨዋነት የሚሞላበት ዓምድ ስለሌለ፣ አሥራ አንድ ጊዜ «ተሽሏታል» ተብሎ ተጽፏል፤ አንዱ ጸሐፊማ ደክሞት፣ የላይኛው ይደገም ለማለት ጭረት ብቻ አስምሯል። ሁለት ጊዜ አብሬያት ገብቼ ላስተረጉምላት ሞክሬ ነበር፤ ዘበኛው በኮሪደሩ በር ላይ የተለጠፈውን «አስታማሚ ከውጭ ይጠብቅ» የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ዘበኛው ትክክል ነበር። እናንተ ዘንድ የሚለጠፍ ነገር ሁሉ በጎላ ፊደል ነው የሚጻፈው።

አራተኛ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት «የዓመቱ ታታሪ ሠራተኛ» ብለው በአዳራሹ መድረክ ላይ የምስክር ወረቀት ስለሰጧት ከልብ አመሰግናለሁ። እኔም ከኋላ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። እርስዎ በሞቀ ፈገግታ ቀኝ እጇን ጨብጠው፣ ፎቶ አንሺው እስኪመቸው ድረስ ደጋግመው ናጡት። የእናቴ ዓይን እንባ አቀረረ። አጠገቤ የቆመች ሴት «አይ እናት፣ ደስታው እኮ ነው» አለች፤ እኔም ደስታ መስሎኝ ጭብጨባዬን አጠነከርኩ። ከወደቀችበት ማክሰኞ ወዲህ ያንን አንጓ በእጁ የነካ ሐኪም አልነበረም፤ የነኩት እርስዎ ብቻ ነዎት። በሕክምና ታሪኳ ውስጥ ይህ አለመመዝገቡ ያሳዝነኛል።

አምስተኛው ለእርስዎ አይደለም፤ ለኔ ነው። እዚህ የምጽፈው ሌላ የምጽፍበት ስላጣሁ ነውና ታግሰው ያንብቡልኝ። ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ ጀርባውን ከፍቼ፣ በአጉሊ መነጽር ፀጉር የምታክል የለቀቀች ብየዳ ፈልጌ አገኛለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። እናቴ ግን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ወሬዋ ሲያጥር አየሁ። ቀልድ ጀምራ መጨረሻው ሳይደርስ «ተወው» ብላ እጇን ጭኗ ላይ ስታሳርፍ አየሁ፤ እርጅና ነው አልኩ። ስሜን ስትጠራ ፊቷ ጭምድድ ሲል አየሁ፤ ተቀይማኝ ነው አልኩ። ከአሥራ አንዱ ጊዜ በዘጠኙ ሱቄን መዝጋት አልመቸኝም ነበርና «እነሱ ያውቁሻል፣ ሂጂ» ብያታለሁ። እነሱ ስል እናንተን ማለቴ ነበር።

ስሜን ካነሳሁ ዘንዳ ይህንንም ማስረዳት ይኖርብኛል። መታወቂያዬ ላይ የተጻፈው ስም ለእናቴ ምንም አይደለም፤ ሰምታው አታውቅም። እሷ ያወጣችልኝ ሌላ ነው። እኔና መንታ እህቴ ሕፃናት ሳለን እናቴ እኔን በቀኝ ትከሻዋ፣ እህቴን በግራ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ታስተኛን ነበር፤ እንቅልፍ ሲያሸንፈኝ ራሴ ሁለቴ ዘንበል ዘንበል ብሎ ትከሻዋ ላይ ያርፍ ነበር አሉ። ስሜ እሱ ነው። ቀኝ እጇ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ቀረብ ይላል፤ ከአንጓው ላይ ሁለቴ ዘንበል ይላል፤ አለቀ። የእህቴም ስም ያው ነበር፤ በግራ እጅ፣ በግራ ትከሻ። እህቴ በአራት ዓመቷ በሳንባ ምች ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የእናቴ ግራ እጅ ያንን ምልክት ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

ወደ ተሳካው ቀዶ ሕክምና ልምጣ። አዲስ የተቀጠረች አንዲት ወጣት የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ ሌላ ሰው ልካ ማስመጣት ስትችል፣ የራሷን የቀዶ ጥገና ልብስ ልትወስድ ወደ ልብስ ማጠቢያው በእግሯ ባትወርድ ኖሮ ሰሌዳዎ ዛሬ ባዶውን ነበር። እናቴ ካውያውን በግራ እጇ አንስታ፣ ልብሱን በቀኝ ክርኗ ተጭና ስትተኩስ አየቻት። ጭምብሏን አወረደች፤ የእናቴን እጅ ተቀብላ ከአውራ ጣቷ ግርጌ ያለችውን ጎድጓዳ በአንድ ጣቷ ጫን አለች። እናቴ እጇን ነጥቃ ደረቷ ላይ ታቀፈችው። ሐኪሟ ካርድም ደብተርም ሳትጠይቅ በክንዷ ይዛት ስድሳ አራቱን እርምጃ አብራት ሄደች። የሥራ ደንብ በመጣሷ እንዳትቀጣብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በማግስቱ እኔ ተጠራሁ፤ «አስታማሚ ከውጭ ይጠብቅ» የሚለውንም አልፌ ገባሁ። ሐኪሟ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ፣ ባቄላ የምታክል አጥንት ለሁለት ተሰብራ አሳየችኝ። ይህች አጥንት ደም የሚደርሳት በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ተሰብራ ከተተወች አንዱ ግማሿ ይሞታል አለች። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን ጀሶ ይበቃት እንደነበረ፣ በመጀመሪያው ዓመት ቢሆን ከዳሌዋ ቁራጭ አጥንት ወስዶ በአንዲት ቡሎን ማያያዝ ይቻል እንደነበረ፣ አሁን ግን ዙሪያዋ ያለው መገጣጠሚያ ሁሉ ተበልቶ እንዳለቀ ነገረችኝ። የቀረው መንገድ አንጓውን በብረት አቅንቶ አንድ አጥንት ማድረግ ነው፤ ሕመሙ ይጠፋል፣ እጁም ይጠነክራል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይታጠፍም። ቀጥላም «እንዲህ መሆን አልነበረበትም፤ አዝናለሁ» አለች። ከዚያ ግቢ አዝናለሁ የሚል ቃል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጣቶቼስ?» አለች። ሐኪሟ «ጣቶችዎ በሙሉ ይሠራሉ እማማ» አለቻት፤ እናቴ እፎይ አለች። «አይታጠፍም» የሚለውን ስነግራት የራሴን አንጓ ቀጥ አድርጌ አሳየኋት። እጄን ትኩር ብላ አየችው፤ ቀጥላም እኔን አየችኝ። ምን እንደሚቀርብን ሁለታችንም ገብቶናል።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት፣ እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትተኩሰው የኖረችውን ልብስ ለበሰች። ለበሰችና ወዲያው አንገትጌውን ገልብጣ መረመረችው፤ እሷ ፈቃድ ላይ ስለነበረች የተኮሰው ሌላ ሰው ነው። አስተኳኮሱ አላማራትም። አልጋ የሚገፋውን ሠራተኛ አስቁማ ጭምድድ ያለውን ቦታ አሳየችው፤ ካልተቀየረ አልገባም የምትል መስሎኝ ነበር። ሰውየው ግራ ገብቶት ወደኔ ሲያይ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ተራዋ እስኪደርስ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ በስሜ ጠራችኝ። «እዚህ ነኝ» አልኳት። እንደገና ጠራችኝ። ፊት ለፊቷ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጬ እያየችኝ ደጋግማ ጠራችኝ፤ አንጓዋ ዘንበል ባለ ቁጥር ሕመሙ ፊቷ ላይ ይታያል፤ አላቆመችም። እኔም በጠራችኝ ቁጥር አቤት አልኩ። አልጋው መጥቶ እስኪወስዳት ድረስ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ እርምጃ የቆጠርኩ ሰው ያንን አለመቁጠሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጀሶው ከተፈታ ወዲህ ሕመም የሚባል ነገር የለባትም፤ ሐኪሟ የተናገረችው በሙሉ ደርሷል። ካውያ ታነሳለች፣ ባልዲ ትሸከማለች፣ ጣቶቿ ወሬያቸውን ቀጥለዋል፤ ሐሜቱም ተመልሷል። ስሜ ሲደርስ ግን እጇ ወደ ትከሻዋ ይነሳና እዚያው ቀጥ ብሎ ይቀራል። ክርኗን ልታዘነብል ሞከረች፤ ትከሻዋን ልታዘነብል ሞከረች፤ ስሜን እንደማይመስል እሷም አይታ ተወችው። አሁን ስትፈልገኝ ጠረጴዛ ትደበድባለች። እንግዲህ ፎቶ አንሺያችሁ ለክትትል በመጣችበት ዕለት «እጅዎን ያንሱ» ሲላት እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር። በሰሌዳዎ ላይ ያለው ያ ከፍ ያለ እጅ ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ ይመስላል። ሰላምታ አይደለም። እኔን እየጠራችኝ ነው።

ባለፈው እሑድ እናቴ በወጥ ቤቱ በር ቆማ ልትጠራኝ ፈለገች። ቀኝ እጇ ተነሳ፤ ወረደ። ከዚያ ግራ እጇ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ግራ ትከሻዋ ጋ ደረሰ፤ ሁለቴ ዘንበል አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይጠራ የኖረ ስም ነው። ያደረገችው ለራሷም ዘግይቶ ገባት መሰለኝ፣ በዚያው እጇ አፏን ያዘች። ምን ማድረግ ይገባኝ እንደነበር እስካሁን አላውቅም፤ እጄን አነሳሁና «አቤት» አልኳት።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ፎቶ ከሰሌዳው ያንሱልኝ። እናቴን ጠዋት ወደ ሥራ ሳደርስ፣ ማታ ስወስዳት በዚያ በር ማለፍ አለብኝ፤ ባለፍኩ ቁጥር ትጠራኛለች፤ ለፎቶግራፍ አቤት የሚል ሰው ደግሞ ዘበኛው ምን እንደሚለው መገመት አያቅትዎትም።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለደብተርዎ፣ ለሰሌዳዎ፣ ለእጅ አጨባበጥዎም ወደር የለሽ ጥንካሬ ያለኝን የላቀ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የሆስፒታሉ ቤተኞች በሙሉ ካርድ እንዲወጣላቸው እየተመኘሁ እሰናበታለሁ። በአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ላይ «ስምና ፊርማ የሌለው አቤቱታ አይስተናገድም» ተብሎ እንደተጻፈ አውቃለሁ። የመታወቂያዬን ስም ልጽፍልዎ እችል ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያገባው ግን እሱ ስም አይደለም። የሚያገባውን ስም የሚያውቀው ራጅ ክፍላችሁ ነው፤ ከፊልሙ ላይ ብረቱ ያረፈበትን ቦታ ይፈልጉልኝ፣ እዚያ ነበር።

አክባሪዎ፣
የልብስ ተኳሿ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ለምታውቀው ሰው ሁሉ ስም ታወጣለች፤ ለእርስዎም ድሮ አውጥታልዎታለች። በልብስ ማጠቢያው በር ባለፉ ቁጥር «ደህና ነሽ?» ብለው መልሱን ሳይጠብቁ ሰዓትዎን ስለሚያዩ፣ የእርስዎ ስም በቀኝ ሌባ ጣት የግራ እጅን አንጓ ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ነው። ለዚህ ጣት ብቻ ይበቃል፤ መታጠፍ አያስፈልግም። ደስ እንዲልዎት ያህል ላሳውቅዎ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ስምዎን እንደ ድሮው አጥርታ ትጠራዋለች።